የጡጦ ጉምሩክ

ሴት በምትወልድበት አገር ሁሉ፣ አራሶች በተኙበት ክፍል በር ላይ፣ ሁለት እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው የቆሙ አንዲት ሴትዮ አሉ። እርስዎም አይተዋቸዋል። አላየሁም ካሉ ወይ አራስ ጠይቀው አያውቁም፣ ወይ ደግሞ የዚያን ቀን ባዶ እጅዎን ነበር የሄዱት። እኚህ ሴትዮ የሰው ፊት አያዩም፤ የሚያዩት ቦርሳ ነው። ሰላምታዎን ሳይጨርሱ አገጫቸውን ወደ ቦርሳዎ ቀስረው፣ «ምንድን ነው እሱ?» ይላሉ። «ኧረ ምሳ ነው» ሲሏቸው ደግሞ ፈገግ ብለው፣ «ምሳ ከሆነ ማየት ምን ይጎዳል?» ይላሉ።

የእኛዋ የማዕረግ ስማቸው ሲስተር ነው፤ ፊት ለፊት ማንም ከዚህ ሌላ ብሎ አይጠራቸውም። ከጀርባቸው ግን ከዳይሬክተሩ እስከ ጽዳት ሠራተኛዋ ድረስ ክብርት እትዬ ጉምሩክ ነው የምንላቸው። ስሙን ያወጣላቸው አንድ አባወራ ነው። የካፖርቱን እጅጌ እንኳ ሳይቀር ካስገለበጡት በኋላ፣ «ድንበር ስሻገርም እንዲህ አልተፈተሽኩ! ምን ዓይነት ጉምሩክ ነው?» ብሎ ጮኸ። እትዬ ጉምሩክ ስሙ ሲደርሳቸው አልተቆጡም። «ጉምሩክማ ቀረጡን ተቀብሎ ያሳልፋል። እኔ ጭራሽ አላሳልፍም» አሉ፤ ስሙም በዚያው ጸደቀ።

እኔ እሳቸው ሥር የምሠራ አዋላጅ ነርስ ነኝ። በተመደብኩ ዕለት ከእግር እስከ ራሴ አዩኝና፣ «ይቺን ጫጩት ማን ላከብኝ?» አሉ። ከዚያን ቀን ጀምሮ እናቴ ያወጣችልኝን ስም እዚያ ክፍል ውስጥ የሚያስታውሰው የለም፤ ጫጩት ነኝ።

ኮንትሮባንዱ ምን መሰልዎ? ጡጦና የዱቄት ወተት። የሚያመጣው ሰው ክፉ ሆኖ አይደለም፤ እንዲያውም ከሁሉ አብልጦ የሚወድ ነው የሚያመጣው። ነገሩ ሁሌ አንድ ነው። ልጅ ያለቅሳል። እናቲቱ ደክማለች፣ ስፌቷ ይጠዘጥዛታል፣ መቀመጥ እንኳ አልቻለችም። ጠያቂው አልጋውን ከብቦ ቆሞ፣ በሽተኛ እንዳይሰማ ተብሎ በሚወራበት ድምፅ፣ ማለትም ሁሉም በሚሰማው ድምፅ፣ «ወተት የላትም» ይላል። ጡጦ ይመጣል። ልጁ ጠግቦ ይተኛል። የተኛ ልጅ አይጠባም፤ ያልተጠባ ጡት ደግሞ ማንም የጠየቀው ስለሌለ ዝም ይላል። በሦስተኛው ቀን ወተቱ እውነትም ያንሳል። ያኔ ጠያቂው አንገቱን ነቅንቆ፣ «አላልኩም?» ይላል።

እትዬ ጉምሩክ ለዚህ የሰጡት መልስ አጭር ነው፤ ግድግዳው ሁሉ በቃሉ ያውቀዋል። «ቧንቧውን ሳትከፍቺ ውሃ የለም አትበይ!»

ደግሞስ ማን ይክፈተው? እኛ ነርሶች ጥቂት ነን፤ አራሶቹ ብዙ ናቸው። የአንዷን ልጅ ጡት ላይ አስተካክለን ቀና ስንል ሌላዋ ታለቅሳለች። እሷ ጋ ስንደርስ የመጀመሪያዋ ልጅ ጡቱን ለቆታል። ሊለምዱ ሲሉ ደግሞ አልጋው ለሌላ ወላድ ይፈለግና ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ። እትዬ ጉምሩክ ይህን ሁሉ በሁለት እጃቸው ሊሞሉት የሚሞክሩ ሰው ናቸው። ስለማይበቃም በሩን ያዙ።

«ያልጠረጠረ ተመነጠረ!» ይላሉ፣ ፍተሻ ሲጀምሩ። በሕፃን ልብስ ተጠቅልሎ የመጣ ጡጦ ይዘዋል። ዳቦ ተቦርቡሮ ውስጡ የገባ ጡጦ ይዘዋል። አንድ ቀን አንዲት አማት ቀሚሳቸው ሥር ጣሳ ወትፈው፣ ሆዳቸውን ደግፈው፣ እየተንገዳገዱ መጡ። እትዬ ጉምሩክ ዞረው ዞረው አዩዋቸውና በታላቅ ትሕትና እጅ ነሱ። «እናቴ፣ እርሶም ደረሱ እንዴ? ምን ላድርግ፣ አልጋ የለኝም!» አማቲቱ ሳቃቸው ሲያመልጥ ጣሳው ወለሉ ላይ ዱብ አለ፤ እየተንከባለለ ሄዶ የዶክተሩ ጫማ ሥር ቆመ።

ታዲያ የተያዘ ዕቃ አይወረስም። እትዬ ጉምሩክ ሥርዓት አላቸው። ጡጦው የባለቤቱ ምልክት ይለጠፍበትና፣ «የወይዘሮዋ አማት»፣ «የሹፌሩ እህት» እየተባለ፣ በመስታወት መደርደሪያ ውስጥ ይቆለፍበታል። አራሷ ስትወጣ ይመለሳል። «አደራ ነው» ይላሉ ቁልፉን ኪሳቸው እየከተቱ። ብዙዎቹ ሲወጡ ሳይወስዱት ይቀራሉ። መደርደሪያው ሱቅ መስሎ የቀረው ለዚህ ነው።

በዚያው ኪስ ውስጥ አንዲት ብይ አለች፤ ልጆች መሬት ላይ የሚጫወቱባት፣ ሰማያዊ የመስታወት ብይ። ይህቺ ብይ የእትዬ ጉምሩክ ዩኒቨርሲቲ ናት። የምትጨነቅ አያት ባዩ ቁጥር ያወጡና መዳፏ ላይ ያስቀምጡላታል። «ይዩዋት! የተወለደ ሰሞን የልጅ ሆድ ይቺን ብታህል ነው። ይቺን ለመሙላት ጣሳ ሙሉ ዱቄት ተሸከሙ? እንገሩ ጠብ ጠብ እያለ ይበቃታል።» እንገር የምትባለዋን ቢጫ የመጀመሪያ ወተት «ቆሻሻ ናት፣ ታልባ ትደፋ» የሚል ሰው ከመጣማ ብይዋ ወደ ኪስ ትመለስና ሌላ ዓይነት ትምህርት ይጀመራል። እሱን ባልጽፈው ይሻላል።

ዶክተሮቹም ከእሳቸው አልተረፉም። በኦፕራሲዮን የወለደች እናት ገና ሆዷ እየተሰፋ ሳለ ሕፃኑን ይዘው ይገባሉ። «ዶክተር፣ እርሶ ከታች ይስፉ፤ እኔ ከላይ ላስተዋውቅ» ብለው ልጁን እናቱ ደረት ላይ ያስተኙታል። ነባሩ ዶክተር መጀመሪያ ተቆጣ፤ ከዚያ ዝም አለ፤ አሁንማ ዘግየት ካሉበት፣ «ሲስተር የታሉ? መስፋት ልጀምር ነው እኮ» ብሎ ያስጠራቸዋል።

የወንበሩንም ነገር ላንሳ። የእኛ ክፍል ወንበሮች መደገፊያ የሌላቸው በርጩማዎች ነበሩ። ክንድ የማታሳርፍበት ወንበር ላይ ልጅ ታቅፎ ማጥባት ደግሞ ሸክም ነው። እትዬ ጉምሩክ አመለከቱ፤ «ይታያል» ተባሉ። ሲታይ ሲታይ ዓመት አለፈ። አንድ ጠዋት ዳይሬክተሩ ስብሰባ ሊመሩ ሲገቡ የራሳቸው ወንበር፣ ያ ሰፊው፣ ክንድ ያለው፣ የለም። ተፈልጎ ተፈልጎ እኛ ክፍል መስኮቱ ሥር ተገኘ። አንዲት አራስ ተመቻችታ ተቀምጣበት ታጠባለች። ዳይሬክተሩ በሩ ላይ ቆመው ቀሩ። «ሲስተር፣ ይሄ የእኔ ወንበር አይደለም?»

«ነው እንጂ! ለእርሶ ሌላ ይገዛል። ደግሞ ጌታው፣ ስብሰባ ላይ ወተት የሚፈለግበት ሰው የለም።»

ዳይሬክተሩ አራሷን አዩ፣ ሕፃኑን አዩ፣ ሌላ ወንበር አስገዙ። ያ ወንበር እስካሁን መስኮቱ ሥር ነው፤ ስሙም «ዳይሬክተሩ» ነው። «ዳይሬክተሩ ላይ ማን አለ?»፣ «ከዳይሬክተሩ ላይ ተነሺ፣ ተራ ጠብቂ» ሲባል እንግዳ የሰማ እንደሆነ ይደነግጣል።

ከሁሉ የሚገርመው ግን «ዋጠ!» ነው። ልጅ ጡት ስለጎረሰ ብቻ ጠባ አይባልም፤ መዋጡ መሰማት አለበት። እትዬ ጉምሩክ ጆሯቸውን አስጠግተው እጃቸውን ወደ ላይ ያነሳሉ። ክፍሉ ጸጥ ይላል፤ ጠያቂው፣ ሞፕ የያዘችው፣ ሁሉም ትንፋሹን ይይዛል። ልጁ መጥ መጥ ያደርጋል፣ ከዚያ ቀስ ያለች «ክህ»። «ዋጠ!» ብለው ይጮሃሉ፣ ጎል የገባ ይመስል። ክፍሉ ያጨበጭባል። እናቲቱ ታለቅሳለች። እኔም ብዙ ጊዜ አልቅሻለሁ፤ ምን አባቴ ላድርግ!

ጨካኝ አድርጌ እንዳልሥላቸው አንድ ነገር ልናገር። የታመመች እናት ስትኖር፣ ያለ ጊዜው የተወለደ ወይም ክብደቱ የወረደ ሕፃን ሲመጣ፣ ሐኪሙ «ጨምሩለት» ካለ ራሳቸው በትንሽ ስኒ፣ ጠብታ ሳያፈሱ፣ ይሰጣሉ። ማጥባት ያልቻለችን እናት በክፉ ዓይን ያየ ሰው ከእሳቸው ጋር አይውልም። እሳቸው የሚጣሉት ያለ ምክንያት ከሚገባው ጡጦ ጋር ነው። የእኔን ሥራ ሲያዩ ደግሞ ትልቁ ምስጋናቸው «አልከፋም» ነው። ከዚያ ያለፈ ተመስግኜ አላውቅም።

እንግዲህ እኚህ ሴትዮ አያት ሆኑ።

አንዲት ሴት ልጃቸው እኛው ሆስፒታል በኦፕራሲዮን ወለደች፤ ቆንጅዬ ሴት ልጅ። እትዬ ጉምሩክ ራሳቸው ያወጡት ደንብ አለ፤ «የራሱን ሰው የሚያክም ሁለት በሽተኛ ያተርፋል» የሚል። በደንቡ መሠረት ፈቃድ ወጡ። ሲወጡ በታላቅ ሥነ ሥርዓት የሥልጣን ርክክብ ተደረገ። የመደርደሪያውን ቁልፍና ሰማያዊዋን ብይ መዳፌ ላይ አስቀመጡልኝ። «ጫጩት፣ በሩን ላንቺ ሰጥቼሻለሁ። ማንም ይሁን ማን ትፈትሻለሽ። ዳይሬክተሩም ቢሆን!»

«እሺ ሲስተር።»

«እኔም ብሆን!» አሉና ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ቀልድ መስሎን ነበር።

ልጃቸው ግን ማጥባት አልሆነላትም። ሕፃኗ ስፌቱን በእግሯ ትረግጠዋለች፣ እናቷ ታቃስታለች፣ ሕፃኗ ጡቱን ትይዝና ትለቀዋለች። የባሰው ደግሞ የሆስፒታሉ ሰው ሁሉ የእትዬ ጉምሩክን የልጅ ልጅ ለማየት መጉረፉ ነው። ከላቦራቶሪ መጡ፣ ከካርድ ክፍል መጡ፣ ጥበቃው ሳይቀር መጣ። አንዷ ለጨዋታ ብላ፣ «እናትሽ አላስተማረችሽም እንዴ?» አለቻት። ልጅቷ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። በማግስቱ ጠዋት ዶክተሩ ሕፃኗን መዝኖ መርምሮ፣ «ለጊዜው ደህና ናት። ግን እስከ ነገ ጥሩ መጥባት አለባት፤ ካልሆነ እንጨምርላታለን» አለ። ትክክል ነበር። ልጅቷ ግን ከዚያ ሁሉ ንግግር የሰማችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የእትዬ ጉምሩክ ልጅ አቃታት።

ከሰዓት በኋላ የመጠየቂያ ሰዓት ደረሰ። በሩ ላይ ቆሜ ቦርሳ አያለሁ። ሰልፉ መሐል ማን ብቅ ቢል ጥሩ ነው? እትዬ ጉምሩክ። ጋውን የለ፣ ባጅ የለ፤ የቤት ቀሚስ ለብሰው፣ ትልቅ ቦርሳ በሁለት እጃቸው ደረታቸው ላይ አቅፈው። አያያዙን አይቶ ጭብጦውን ቀማው ይባላል። ቦርሳ እንዲህ የሚያቅፍ ሰው ምን እንደያዘ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። 

«ሲስተር፣ እንኳን ደህና መጡ። ቦርሳዋን...»

«ምሳ ነው፣ ጫጩት። ይበርዳል፤ አሳልፊኝ።»

ከኋላቸው ያለው ሰልፍ አንገቱን አሰገገ። እሳቸው ራሳቸው የፈተሿቸው ሰዎች ናቸው፤ ጣሳ የጣሉት አማት ዓይነት፣ ካፖርቱ የተገለበጠው ባል ዓይነት። አንዲት አሮጊት ወደ ጎኗ ዘንበል ብላ፣ «እሳቸውም ይፈተሻሉ?» ስትል ሰማኋት። ልቤ ተከፈለ። ባሳልፋቸው ከነገ ጀምሮ ያ በር ተራ በር ነው፤ «ለእሳቸው ሲሆን ተከፈተ» ይባላል፣ እውነትም ይሆናል። ብፈትሻቸው ደግሞ ያሠለጠኑኝን ሴት፣ ያውም በጭንቃቸው ቀን፣ በሰው ፊት ላዋርድ ነው።  ከዚያ አፌ በራሱ ጊዜ ተናገረ።

«ምሳ ከሆነ ማየት ምን ይጎዳል፣ ሲስተር?»

አፈጠጡብኝ። እኔም አፈጠጥኩ። ቦርሳውን ቀስ ብለው ሰጡኝ። ከላይ የሾርባ ዕቃ። ከሥሩ ፎጣ። ፎጣው ውስጥ ተቀቅሎ የተጠራረገ ጡጦና ያልተከፈተ ጣሳ። ክብርት እትዬ ጉምሩክ በገዛ በራቸው እጅ ከፍንጅ ተያዙ።

ማንም አልሳቀም። እሳቸው መሬት መሬት እያዩ፣ «ጠዋት ስልክ ደወለችልኝ» አሉ፣ ድምፃቸው ልስልስ ብሎ። «እሷ ስታወራ ሕፃኗ ከኋላ ታለቅሳለች። ዕድሜ ልኬን ያስተማርኩት ሁሉ በዚያች ለቅሶ ከጭንቅላቴ ብን ብሎ ጠፋ። እግሬ ሱቅ ወሰደኝ። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል ሲሉ እስቅ ነበር... አያትነት እንዲህ ያጃጅላል ብሎ የነገረኝ ሰው የለም፣ ጫጩት።»

ሰልፉ ውስጥ ያሉ አያቶች ሁሉ ባንድነት ራሳቸውን ነቀነቁ። ያቺ አሮጊት፣ «ኧረ ያጃጅላል፣ የኔ እናት!» አለች።

እጄን ኪሴ ከትቼ ብይዋን አወጣሁና መዳፋቸው ላይ አስቀመጥኩ።

«የራሴን ብይ ነው የምታሳይኝ?»

«ያስረከቡኝ እርሶ ነዎት። ሆዷ ይቺን ታህላለች። ጡጦው አደራ ይቆይ፤ ለእኔ ደግሞ ትንሽ ጊዜ ይስጡኝ። በአንድ ሌላ ነገር ላስቸግርዎ፣ እርሶ እዚህ አግዳሚው ላይ ይጠብቁ።»

«እኔ? ውጭ?»

«ልጅዎ እርሶን ስታይ ትከሻዋ ጆሮዋ ይደርሳል፣ ሲስተር።»

ሌላ ቀን ቢሆን ያቺን ብይ ግንባሬ ላይ ነበር የማገኛት። አሁን ግን አያቶቹ መሐል ተጠጋግተው ተቀመጡ፣ ብይዋን ጨብጠው።

ገባሁና ወሬ ለቃሚውን ሁሉ አስወጣሁ፤ ጥበቃውን በተለይ። መጋረጃውን ሳብኩ። ልጅቷ ዓይኗ አብጧል። «የእሷ ልጅ ሆኜ...» ብላ ጀመረች።

«የማንም ልጅ ብትሆኚ ስፌት ስፌት ነው» አልኳት። «ነይ፣ ዳይሬክተሩ ላይ ተቀመጪ።»

ሳቋ መጣ፤ እያመማትም ሳቀች። ደግፌ ወስጄ አስቀመጥኳት። ሕፃኗን ልብሷን አውልቄ ደረቷ ላይ አስተኛሁላትና በላያቸው ብርድ ልብስ ጣል አደረግኩ። ከዚያ ምንም አላደረግኩም። ከሥራችን ሁሉ ከባዱ ይሄ ነው፤ እጅን አጣምሮ መጠበቅ። ሕፃኗ መጀመሪያ ተረጋጋች፣ ከዚያ በአፍንጫዋ ማነፍነፍ ጀመረች። ያኔ ትራስ ደርቤ በእናቷ ብብት በኩል አደረግኳት፤ ራሷ ወደ ፊት፣ እግሯ ወደ ኋላ፣ ከስፌቱ ርቆ። አፏን እንደ ማዛጋት ስትከፍተው አስጠጋናት። ጎረሰች። ለቀቀች። እንደገና። ለቀቀች። ልጅቷ አየችኝ፤ «እንደገና» አልኩ።

ጎረሰች። ጆሮዬን አስጠጋሁ፣ እጄን ወደ ላይ አነሳሁ። የቀሩት አራሶች ትንፋሻቸውን ያዙ።

ክህ።

«ዋጠች!»

እንዴት እንደጮህኩ አላውቅም። ኮሪደሩ ሙሉ ሰልፍ አጨበጨበ። በሩ በርገድ አለና የእትዬ ጉምሩክ ጭንቅላት ብቅ አለ፤ እንባቸው በጉንጫቸው ይወርዳል፣ ቁጣቸው ግን ቦታው ነበር። «ቀስ በይ አንቺ! ልጅ ታስደነግጫለሽ!»

ከዚያ ልጃቸውን አዩ፤ ትከሻዋ ወርዶ፣ ዓይኗ ሕፃኗ ላይ ተተክሎ።  ወደ እኔ ዞሩና፣ «አልከፋም» አሉ።

በሩን ዘጉ። ከውጭ ግን ድምፃቸው በሩን አልፎ ይሰማል። አግዳሚው ላይ ላሉት አያቶች ሁሉ ነው የሚያወሩት። «አያችኋት ያቺን ቀጭኗን? እኔን ፈተሸችኝ እኮ! እኔን! ከገዛ ክፍሌ አስወጣችኝ! ማን ያስተማራት መሰላችሁ? እኔ ነኝ ያስተማርኳት!»

በማግስቱ ዶክተሩ ሕፃኗን መዝኖ፣ ተገርሞ፣ «በዚሁ ይቀጥል» አለ። የእናቷ ጡት ትንሽ ቆስሎ ነበር፣ አያያዙን ስናስተካክለው ዳነ። ሊወጡ ሲሉ በደንቡ መሠረት መደርደሪያውን ከፍቼ ጡጦና ጣሳቸውን አቀረብኩ። እትዬ ጉምሩክ ጣሳውን «ለሱቁ እመልሰዋለሁ» ብለው ቦርሳቸው ከተቱና ጡጦውን መልሰው ከሁሉ በላይኛው መደብ ላይ አቆሙት። ብይዋን ስሰጣቸውም እምቢ አሉ። «እኔ ሌላ እፈልጋለሁ። እሷ ያንቺ ናት።»

አሁን ወደ ሥራቸው ተመልሰዋል። ፍተሻው እንደ በፊቱ ጥብቅ ነው፤ ካፖርትም ይገለበጣል። የተለወጠ ነገር ቢኖር አንድ ነው። ጡጦ የተያዘባትን አያት መጀመሪያ ወንበር ይሰጧታል። «ስታለቅስ ሰምተው ነው፣ አይደል?» ይሏታል። አያቲቱ ራሷን ስትነቀንቅ ወደ መደርደሪያው ያሳዩዋታል። «ከላይ ያለው ይታይዎታል? እሱ የእኔ ነው። የቀማችኝ ደግሞ ያቺ በሩ ላይ የቆመችው ናት።»

አያቶቹ ሁሉ ዞረው ያዩኛል። እኔም ደረቴን ነፍቼ፣ እጄን ወገቤ ላይ አድርጌ፣ ለቀጣይዋ፣ «ምሳ ከሆነ ማየት ምን ይጎዳል፣ እማማ?» እላለሁ።